በወንጀል የተጠረጠሩ ሕፃናትና ወጣቶች በኢትዮጵያ ሕግ የሚስተናገዱበት ሥርዓት

አንድ ልጅ በወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ ጉዳዩ የሚሄድበትን መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ዕድሜው ነው። ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል ሊጠየቅ አይችልም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ለዚህ የዕድሜ ክልል ብቻ በተደነገገ ልዩ ሥርዓት ይዳኛል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የተወሰኑ ጥበቃዎች ቢኖሩትም በመሠረቱ በመደበኛው የወንጀል ሥርዓት ይከሰሳል። በመሆኑም የጥቂት ሳምንታት የዕድሜ ልዩነት አንዱን ልጅ በቤተሰቡ እጅ ሆኖ ትምህርቱን እንዲቀጥል፣ ሌላውን በግልጽ ችሎት ቆሞ የእስራት ቅጣት እንዲጠብቅ ሊያደርግ ይችላል።

ይህ ማብራሪያ በዋናነት ለወላጆች፣ ለአሳዳሪዎች፣ ለመምህራንና ልጆችን በአደራ ለተቀበሉ ዘመዶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ልጁ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ሕጉ የሚሰጠውን ጥበቃና ከቤተሰብ የሚጠበቀውን ተግባር ይገልጻል።

የሕጉ መሠረት

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ ይደነግጋል። ይህ ግዴታ የተጣለው በፍርድ ቤቶች ላይ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደር አካላትን፣ ሕግ አውጪዎችንና የበጎ አድራጎት ተቋማትንም ይጨምራል። ይኸው አንቀጽ ወንጀል ፈጽመው በማረሚያ ወይም በተሐድሶ ተቋም የሚገኙ ወጣቶች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል፤ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን የሚጎዳ ቅጣትንም ይከለክላል።

ዝርዝሩ የሚገኘው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ እና በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንና የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

የወጣት ጥፋተኞች ልዩ ሥርዓት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጆችን ከአዋቂዎች ለይቶ የሚያስተናግድ ክፍል ነበረው፤ 9 ዓመትን የኃላፊነት መነሻ ያደረገውም ይኸው ሕግ ነው። ሆኖም በወጣቶች ላይ የግርፋት ቅጣት እንዲፈጸም ይፈቅድ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ግርፋትን ሙሉ በሙሉ አስቀርቷል። ስለዚህ ፖሊስም ሆነ ሌላ ማንኛውም አካል «ልጅ ስለሆነ በግርፊያ ይለቀቅ» በሚል የሚወስደው እርምጃ፣ ወላጅ የተስማማበት ቢሆን እንኳ፣ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ሦስቱ የዕድሜ ክልሎች

ስለ ቃላት አጠቃቀም አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ወጣት» ሲባል ሃያዎቹን የተሻገረ ሰው ሁሉ ሊታሰብ ይችላል፤ የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የወንጀል ሕጉ «ወጣት ጥፋተኛ» ሲል ግን የሚናገረው ከ9 እስከ 15 ዓመት ስላለው ልጅ ነው። ብዙ ባለጉዳዮች የ17 ዓመት ልጃቸው «ወጣት ስለሆነ» በልዩ ሥርዓቱ እንደሚታይ አድርገው የሚጠብቁት በዚህ የቃል መመሳሰል ምክንያት ነው።

በአንቀጽ 52 መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ለፈጸመው ድርጊት በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። መዝገብ ሊከፈትበት፣ ቃሉን ሊሰጥ ሊገደድ ወይም በፖሊስ ማረፊያ ሊቆይ አይገባም። እንዲህ ያለው ልጅ ጥፋት ፈጽሞ ሲገኝ ተገቢውን የማረም እርምጃ የሚወስዱት ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ሞግዚቱ ናቸው። ወላጅ ያልተገኘለት ከሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው በየደረጃው ያለውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። አዋቂ ሰው ሕፃኑን ልኮ ወይም አስገድዶ ወንጀሉን አስፈጽሞ ከሆነ ተጠያቂው ላኪው ነው፤ ሕጉም በገዛ እጁ እንደፈጸመ ዋና ወንጀል አድራጊ ይቆጥረዋል።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን የሚመለከተው አንቀጽ 53 ነው። እነዚህ ልጆች ለአዋቂዎች የተደነገጉት መደበኛ ቅጣቶች አይፈጸሙባቸውም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አብረው እንዲታሰሩም አይደረግም። ፍርድ ቤቱ የሚያዛቸው ከአንቀጽ 157 እስከ 168 የተዘረዘሩትን እርምጃዎችና ልዩ ቅጣቶች ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክልል፣ ማለትም ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላው፣ ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ስለሆነ ወደ ኋላ ራሱን ችሎ ተብራርቷል።

የኃላፊነት መነሻ ዕድሜ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና ዌልስ 10፣ በጀርመን 14 ዓመት ነው። ኬንያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሕፃናት ሕግ ከ8 ወደ 12 ከፍ አድርጋለች፤ ስኮትላንድም እንዲሁ ከ8 ወደ 12 አሳድጋለች። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው 24ኛ አጠቃላይ አስተያየት አገሮች መነሻውን ቢያንስ 14 ዓመት እንዲያደርጉ አሳስቧል። ከዚህ አንጻር ሲታይ 9 ዓመት ዝቅተኛ ከሚባሉት ወገን ነው።

ዕድሜን ስለ ማስረዳት

በልጆች የወንጀል ጉዳይ ከምስክር ቃል ያላነሰ ዋጋ ያለው ማስረጃ የልደት ማስረጃ ነው። የሚቆጠረውም ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ እንጂ ልጁ በተያዘበት ወይም ፍርድ በተሰጠበት ቀን ያለው አይደለም። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ስልክ ሰረቀ ቢባል፣ 15 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ስለሚቀሩት መዝገቡ ከወራት በኋላ ቢታይም እንኳ በወጣት ጥፋተኞች ሥርዓት ይስተናገዳል። ድርጊቱ የተፈጸመው ጥር 20 ቀን ከሆነ ግን ሥርዓቱ ይለወጣል።

በአማርኛ «15 ዓመት ይዞታል» እና «15 ዓመት ሞልቶታል» የሚሉት አነጋገሮች በአንድ ዓመት ያህል ይራራቃሉ። በፖሊስ ጣቢያ ቃላቸውን የሚሰጡ ወላጆችና ልጆቹ ራሳቸው የያዙትን ዓመት እንደሞላ አድርገው ሲናገሩ ይገኛሉ፤ መርማሪውም የሰማውን ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከቅጽ ወደ ቅጽ እየተላለፈ እስከ ክስ ማመልከቻው ይደርሳል። ስለዚህ ዕድሜ ሲጠየቅ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት መናገር፣ የተመዘገበውንም ከመፈረም በፊት አስነብቦ ማረጋገጥ ይገባል።

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በወጥነት የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች በወቅቱ የወጣ የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሌሎች ማስረጃዎች ይቀርባሉ። ልጁ የተወለደበት ጤና ተቋም መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በቀበሌ ወይም በወረዳ የሚገኝ የቤተሰብ ቅጽ፣ እንዲሁም የመወለዱን ጊዜ የሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት ፍርድ ቤቱ ሊመዝናቸው የሚችላቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለትውልዱ ቀን ቅርብ በሆነ ጊዜ የተጻፈው፣ ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ከወጣው ይልቅ አሳማኝ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ልማድ አለ። አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸው ቶሎ ትምህርት ቤት እንዲገባ፣ ሥራ እንዲቀጠር ወይም ሴት ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር ለሥራ እንድትሄድ ሲሉ ዕድሜን ጨምረው ያስመዘግባሉ። ሐሰተኛው ቁጥር ለጊዜው የጠቀመ ይመስላል። ልጁ በወንጀል በተጠረጠረ ጊዜ ግን ያው ሰነድ ከልዩ ሥርዓቱ ውጭ ሊያደርገው ይችላል፤ ወላጅም ራሱ ያስመዘገበውን ለማስተባበል ይቸገራል።

ሰነድ በጠፋ ወይም በተጠራጠረ ጊዜ ፍርድ ቤት ልጁ በሐኪም እንዲመረመር ሊያዝ ይችላል። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የአጥንትንና የጥርስን ዕድገት በማየት የሚደረግ ሲሆን ውጤቱ ግምት ነው። የተወለደበትን ቀን ቀርቶ ዓመቱንም በእርግጠኝነት አያሳይም። በ9፣ በ15 ወይም በ18 ዓመት ወሰን ላይ ላለ ልጅ ይህ ልዩነት ወሳኝ ስለሆነ፣ ተከላካይ ጠበቃው ወይም ወላጁ የግምቱ ክልል ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በሐኪሙ እንዲገለጽ መጠየቅ ይችላሉ። የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ከላይ በተጠቀሰው አስተያየቱ ዕድሜው አጠራጣሪ የሆነ ልጅ የጥርጣሬው ተጠቃሚ ሊሆን እንደሚገባ አስፍሯል።

ከመያዝ እስከ ችሎት

ማንኛውም የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው ሊገለጽለት እና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚገባ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይታሰብም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከዚህም የጠበቀ ግዴታ ይጥላል። በአንቀጽ 172 መሠረት ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት መወሰድ አለበት። የሚወስደውም ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ ሞግዚት ወይም የግል አቤቱታ አቅራቢው ሊሆን ይችላል።

የዚህ ድንጋጌ ትርጉም በሚገባ ሊጤን ይገባል። በአዋቂዎች ጉዳይ ፖሊስ አስቀድሞ ይመረምራል፣ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይልካል፣ ፍርድ ቤት ስለ ጥፋቱ የሚሰማው ክስ ሲቀርብ ነው። በወጣት ጥፋተኛ ጉዳይ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ልጁን ያመጣው ሰው የጉዳዩን ዝርዝርና የምስክሮቹን ማንነት እንዲናገር ጠይቆ ይመዘግባል፣ ምርመራው በምን ዓይነት ሁኔታ መካሄድ እንዳለበትም ለፖሊስ መመሪያ ይሰጣል። ስለዚህ ፖሊስ «ምርመራው አላለቀም» በሚል ምክንያት የ12 ዓመት ልጅ በጣቢያ ሊያቆይ አይችልም፤ ምርመራው መልክ የሚይዘው ልጁ ዳኛ ፊት ከቀረበ በኋላ ነውና።

ጉዳዩ በዚያው ቀን ካላለቀና ቀጠሮ ካስፈለገ ልጁ ለወላጆቹ፣ ለሞግዚቱ ወይም ለዘመዱ ይሰጣል። እነዚህ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ለማቅረብ ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል። ይህ የመጨረሻው አማራጭ በተለይ በከተሞች ትልቅ ጥቅም አለው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሊስትሮ የሚሠሩ፣ ሎተሪ የሚያዞሩ ወይም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው በሩቅ ገጠር ናቸው፤ በዕለቱ ደርሶ የሚረከባቸው የሥጋ ዘመድ የላቸውም። የአገር ልጅ፣ አሠሪ፣ የዕድር ዳኛ፣ የሃይማኖት አባት ወይም መምህር ቀርቦ ኃላፊነት ለመውሰድ ፈቃደኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተገቢነቱን መዝኖ ሊቀበለው ይችላል። የሚረከበው ሰው የታደሰ መታወቂያ ይዞ መቅረቡ ጉዳዩን ያፋጥናል።

ልጁ ብቻውን ከቀረበ ፍርድ ቤቱ ወላጅ ወይም ሞግዚት ያለው መሆኑን አጣርቶ የማስጠራት ግዴታ አለበት (አንቀጽ 173)። ልጁን ወክሎ የሚቀርብ ወላጅ ወይም ሞግዚት ሲጠፋ፣ ወይም ወንጀሉ ከ10 ዓመት በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ደግሞ ጠበቃ ይመደብለታል (አንቀጽ 174)። ለዚህ አገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አገልግሎቱን የሚሰጠው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሲሆን በክልሎችም ተመሳሳይ አደረጃጀት አለ። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ክርክሩ የሚሰማው በግልጽ ችሎት ሳይሆን በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው። ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጅ ወይም ከሞግዚት እና ከሕፃናት ደኅንነት ተቋማት ተወካዮች በቀር ሌላ ሰው አይገባም። ጎረቤት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም ጋዜጠኛ ሊታደም አይችልም። የቀረበው ክስ ወይም አቤቱታ ለልጁ ከተነበበለት በኋላ የሚለው ካለ ይጠየቃል፤ ሥርዓቱም ልጁን በማያስፈራ ቀለል ያለ መንገድ ይካሄዳል። ልጁ ቢሰማው የማይበጀው ነገር የሚነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ ወላጆቹ ጠባይ ወይም ስለ ትውልዱ የሚገልጽ ቃል ሲሰጥ፣ ዳኛው ልጁን ለጊዜው ከክፍሉ ያስወጣዋል።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲቀርብለት የማዘዝ ሥልጣን አለው (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 54)። ወላጆችን፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችንና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን ይጠይቃል፤ የሕክምና ማስረጃ ያስመጣል። ወላጆች ይህን እንደ ነውር ቆጥረው የቤታቸውን ችግር ሲሸሽጉ የሚጎዳው ልጁ ነው። ቤተሰቡ ተለያይቶ፣ ልጁ ትምህርት አቋርጦ ወይም ሱስ ጀምሮ ከሆነ ዳኛው የሚስማማውን እርምጃ የሚመርጠው ይህን ሲያውቅ ነው።

ፍርድ ቤት የሚያዛቸው እርምጃዎች

ሕጉ ለወጣት ጥፋተኞች የደነገጋቸው እርምጃዎች ዓላማ ማስተማር፣ ማረምና መጠበቅ ነው። ቀላሉ ወቀሳና ተግሣጽ ነው (አንቀጽ 160)፤ ዳኛው ልጁ የድርጊቱን ውጤት እንዲገነዘብ አድርጎ ይመክረዋል፣ ወደፊት ጠባዩን እንዲያሳምርም ያሳስበዋል። ጥፋቱ ከባድ ካልሆነና ልጁ የሚታረም ከመሰለ በትርፍ ሰዓቱ ወይም በዕረፍት ቀናት በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል (አንቀጽ 161)። የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የመጠጥ ሱስ ያለበት ልጅ ወደ ሕክምና ተቋም ይላካል (አንቀጽ 158)።

ሰፊ አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለው በአንቀጽ 159 የተመለከተው በጥበቃ ሥር ሆኖ የመማር እርምጃ ነው። ተንከባካቢ ያጣ ወይም ለመጥፎ ጠባይ የተጋለጠ ልጅ በቅድሚያ ለዘመዶቹ ይሰጣል፤ ዘመድ ከሌለው ወይም ያሉት ለዚህ ብቁ ካልሆኑ ለሌላ ታማኝ ሰው ወይም ለድርጅት በአደራ ይሰጣል። ተረካቢው የልጁን መልካም ጠባይ በኃላፊነት እንደሚከታተል ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ይህ ፊርማ እንደ ገንዘብ ዋስትና ተፈርሞ የሚረሳ አይደለም። አያት ወይም አጎት «ለጊዜው ከእስር ይውጣልኝ» ብለው ፈርመው ልጁን መልሰው ጎዳና ላይ ቢተዉት፣ ፍርድ ቤቱ የሚቀጥለውን ከበድ ያለ እርምጃ ለመውሰድ ይገደዳል።

ከእነዚህ ከፍ ያለው ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ማስገባት ነው (አንቀጽ 162)። ይህ ሊታዘዝ የሚችለው ልጁ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ብቻ ነው። የቆይታው ጊዜ ከ1 ዓመት አያንስም፣ ከ5 ዓመት አይበልጥም፤ በማናቸውም ሁኔታ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ አይቀጥልም።

በዚህ ረገድ በሕጉና በአፈጻጸሙ መካከል ያለው ርቀት ሊሸሸግ አይገባም። በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የተቋቋመው የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው እንዲህ ያለ ተቋም ሆኖ ቆይቷል። ተቋሙ በሌለባቸው አካባቢዎች ፍርድ ቤቶች የሚላክበት ቦታ በማጣት ሲቸገሩ፣ ልጆችም በማረሚያ ቤቶች በተለየ ክፍል እንዲቆዩ ሲደረግ ይታያል። የተቋም እጥረት ልጅን ከአዋቂ እስረኞች ጋር ለማሰር ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ አላስቀመጠም። ፍርድ ቤቶች አስቀድመው በአንቀጽ 159፣ 160 እና 161 የተመለከቱትን እርምጃዎች እንዲመረምሩ በልጁ ወገን መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ልጁን ለመረከብ የተዘጋጀ ሰው በችሎቱ መገኘቱ ከማንኛውም ክርክር በላይ ይረዳል።

እርምጃዎቹ ውጤት ካላስገኙ በአንቀጽ 166 መሠረት ልዩ ቅጣት ሊወሰን ይችላል። ይኸውም አቅምን ያገናዘበ መቀጮ፣ ወይም ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ሲሆን እስራት ነው።

ብዙ ወላጆችን የሚያሳስበው ልጃቸው ወደፊት «ወንጀለኛ» ተብሎ መመዝገቡ ነው። ከመቀጮና ከእስራት በመለስ ያሉት የማረሚያ እርምጃዎች ታዘዙበት ማለት ልጁ በወንጀል ሕግ እንደተቀጣ እንዲቆጠር አያደርግም (አንቀጽ 165)።

ከ15 ዓመት በላይ ሆነው 18 ዓመት ያልሞላቸው

በአንቀጽ 56 መሠረት እነዚህ ልጆች በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ። ከላይ የተዘረዘሩት የዳኛ ጽሕፈት ቤት ችሎት፣ ወዲያውኑ ለፍርድ ቤት የመቅረብና ለወላጅ የመሰጠት ድንጋጌዎች የተጻፉት ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ስለሆነ የ16 ዓመቱ ልጅ በቀጥታ ሊጠይቃቸው አይችልም። ኮንቬንሽኑ ግን ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ስለሚል፣ በአገር ውስጥ ሕጉና በዓለም አቀፍ ግዴታው መካከል ክፍተት አለ። የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም ይህንኑ ለኢትዮጵያ በሰጣቸው አስተያየቶች አንሥቷል።

ይህ ማለት የዚህ ዕድሜ ልጆች ጥበቃ የላቸውም ማለት አይደለም። የሞት ፍርድ በምንም ዓይነት ሁኔታ ሊወሰንባቸው አይችልም፤ አንቀጽ 117 ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት መሙላትን ለሞት ፍርድ ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸውንና የመታረም ተስፋቸውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው፣ ወይም ለወጣት ጥፋተኞች ከተደነገጉት ልዩ ቅጣቶች አንዱን ሊመርጥላቸው ይችላል። ዳኛው ይህን የሚያደርገው በፈቃደ ሥልጣኑ ስለሆነ፣ የልጁ ጠበቃ ጥያቄውን በግልጽ ማቅረብና በትምህርት ቤት ማስረጃ፣ በጠባይ ምስክርና በቤተሰብ ሁኔታ መደገፍ ይኖርበታል። በጥበቃ ሥር በቆዩበት ጊዜም ከአዋቂዎች ተለይተው የመያዝ መብት አላቸው። የዋስትና ጥያቄ ሲቀርብ ተማሪነታቸውና የፈተና ወቅት መድረሱ ለፍርድ ቤቱ ሊገለጽ ይገባል።

ካሳን በሚመለከት

የወንጀል ጉዳዩ በተግሣጽ ቢያልቅም የተጎዳው ወገን ካሳ የመጠየቅ መብቱ አይቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት በሕግ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ልጁ ከቤት ውጭ በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር በነበረበት ጊዜ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደዚያ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። የ9 ዓመት የወንጀል ኃላፊነት ወሰንም በዚህ ላይ አይሠራም። የ7 ዓመት ልጅ የጎረቤትን መስታወት ወይም መኪና ቢሰብር በወንጀል ባይጠየቅም የቤተሰቡ የካሳ ዕዳ ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ተስማምተው ካሳ የተከፈለ ከሆነ ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ቅጂው ለፍርድ ቤቱ ቢቀርብ በልጁ ጉዳይ ላይ የሚኖረው ጥቅም ከፍተኛ ነው።

ውሳኔን ስለ ማሻሻልና አቤቱታ ስለ ማቅረብ

የተሰጠ ትእዛዝ በልጁ ላይ ተቆልፎ የሚቀር አይደለም። ልጁ ራሱ፣ ሕጋዊ ወኪሉ ወይም በአደራ የተረከበው ሰው ወይም ተቋም የታዘዘው እርምጃ እንዲሻሻል በማንኛውም ጊዜ ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም በራሱ ተነሣሽነት ሊለውጠው ይችላል (የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 180)። ለምሳሌ ወደ ማረሚያ ተቋም ሲገባ ዘመድ ያልነበረው ልጅ ከወራት በኋላ አክስቱ ብትገኝ፣ እርሷ ለመረከብ ፈቃደኛ መሆኗን ገልጻ ማመልከቻ ልታቀርብ ትችላለች። ይህ ከይግባኝ የተለየ መብት ነው፤ ይግባኝ በጊዜ ገደብ የተወሰነ ስለሆነ ውሳኔው እንደተሰጠ ወዲያውኑ ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ፣ ተደብድቦ ወይም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቆይቶ ከሆነ ቤተሰቡ የአካል ነፃነት እንዲጠበቅ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት አቤት ሊል፣ ለፖሊስ ተቋሙ የበላይ ኃላፊና ለዐቃቤ ሕግ ሊያመለክት ወይም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሊያሳውቅ ይችላል። በማመልከቻው ላይ ልጁ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ያለበት ጣቢያ፣ የተወለደበት ቀንና ማስረጃው መገለጽ አለባቸው። የአካል ጉዳት ደርሶበት ከሆነ ምልክቱ ሳይጠፋ በመንግሥት ጤና ተቋም ተመርምሮ የሕክምና ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል።